መድን ድርጅቱ የሚያተርፈው ምን ሲያደርግ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የጤና መድን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሰዉ ወዲያው ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ «የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይቅሩ፣ መንግሥት ለሁሉም ይክፈል» ይላል። ሌላው «መንግሥት እጁን ያንሳ፣ ገበያው ያስተካክለዋል» ባይ ነው። ጭቅጭቁ በባለቤትነት ላይ ነው። እኔ ግን ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ኩባንያው፣ የማንም ይሁን የማን፣ የሚያተርፈው ምን ሲያደርግ ነው?

ድሮ መልሱ ቀላል ነበር። መድን በግሉ የሚገዛ ሰው ማመልከቻው ላይ የሕመም ታሪኩን ይዘረዝራል። ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ካንሰር ካለበት በአብዛኞቹ ግዛቶች «አንቀበልህም» ሊባል ወይም የማይቀመስ አረቦን (የመድን መዋጮ) ሊጠየቅ ይችል ነበር። ትርፉ ያለው ጤነኛውን መርጦ ሕመምተኛውን በመግፋት ላይ ነበር። ኦባማ በማርች 2010 (እ.ኤ.አ.) የፈረሙት ሕግ ይህን በር ዘጋው። ከ2014 ወዲህ ማንም ሰው በነባር ሕመሙ የተነሳ አይከለከልም፣ ዋጋም አይጨመርበትም። በዚህ አገር ፖለቲካ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በረቂቁ ላይ ከግሎቹ ጋር የሚወዳደር የመንግሥት መድንም ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት በኖቬምበር 2009 ረቂቁን 220 ለ215 ሲያሳልፈው አብሮ አልፏል። ሴኔት ሲደርስ ግን 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የሕጉ ወገንም ከ60 ስለማይበልጥ የአንድ ሰው እምቢታ ይበቃ ነበር። የኮኔቲከት ግዛት ሴናተር ጆ ሊበርማን እምቢ አሉ፣ የመንግሥት መድኑም ከረቂቁ ተሰረዘ። ኮኔቲከት የታላላቅ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች መናኸሪያ ናት፤ ተቺዎቻቸው ይህን ሳያነሱ አላለፉም። ብዙ የለውጥ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ የሚቆጩት በዚህ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

ኩባንያው ሰውን መምረጥ ሲከለከል ሥራው ወደ ሕክምናው ዞረ። አንድ ሐኪም ጀርባውን ለሚያመው ሰው ኤምአርአይ አዘዘ እንበል። የክሊኒኩ ሠራተኛ የቅድመ ፈቃድ ቅጹን (ኩባንያው ከሕክምናው በፊት እንዲፈቅድ የሚጠየቅበትን) ሞልታ፣ በዚህ ዘመን እንኳ ብዙ ጊዜ በፋክስ፣ ለኩባንያው ትልካለች። ቀናት ያልፋሉ። ከዚያ «ለሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ አልተረጋገጠም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ሐኪሙ ለኩባንያው ሐኪም ደውሎ መከራከር ይችላል። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ግን ሕመምተኛውን አይቶት አያውቅም፤ አንዳንዴም ሙያው ከነአካቴው ሌላ ነው። በዚህ መሐል የሚሰለቸው ሕመምተኛው እንጂ ኩባንያው አይደለም። አረቦኑ በየወሩ ይከፈላል፣ ሕክምናው ግን ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

የጤና ፖሊሲ አጥኚው ድርጅት ኬኤፍኤፍ የ2023ን መረጃ ተንትኖ ነበር። ግለሰቦች መድን በሚገዙበት በፌዴራሉ መንግሥት የመድን ገበያ ላይ የሚሸጡ ኩባንያዎች፣ ውል ካሰሯቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ከቀረቡላቸው የክፍያ ጥያቄዎች ውስጥ 19 ከመቶውን ውድቅ አድርገዋል። ከተከለከሉት ይግባኝ የተባለባቸው ከ1 ከመቶ በታች ናቸው። ክልከላው ሁሉ ግፍ ነው አልልም፤ ቅጹ ተሳስቶ ወይም ያው ሒሳብ ሁለቴ ተልኮ የሚመለስም አለ። ግን ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ የማይሟገትበት ክልከላ ለከልካዩ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

የሕጉ አርቃቂዎች ትርፍን ሳያስቡበት የቀሩ አይደሉም። ለግለሰቦችና ለአነስተኛ ድርጅቶች ከሚሸጥ መድን ከሚሰበሰበው አረቦን ቢያንስ 80 ከመቶው፣ ለትላልቆቹ ደግሞ 85 ከመቶው ለሕክምናና ለጥራት ማሻሻያ መዋል አለበት፤ ካነሰ ልዩነቱ ለደንበኛው ይመለሳል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። ሕክምና ሲወደድ አረቦኑ ይጨምራል፣ አረቦኑ ሲጨምር የተቀረው 20 ከመቶም አብሮ ያብጣል። ደግሞስ ኩባንያው የሚከፍለው ለገዛ ክሊኒኩ ከሆነ? የመድን ድርጅቱ የዩናይትድሄልዝኬር እህት ኩባንያ ኦፕተም ሐኪሞችን ይቀጥራል፣ መድኃኒት ያከፋፍላል። የመድኃኒት ቤቶች ባለቤቱ ሲቪኤስ በ2018 የመድን ድርጅቱን ኤትናን ገዛ፤ በዚያው ዓመት የመድን ድርጅቱ ሲግና የመድኃኒት ክፍያ አስተዳዳሪውን ኤክስፕረስ ስክሪፕትስን ጠቀለለ። እህት ኩባንያ ያስከፈለው ገንዘብ በመዝገብ ላይ «ለሕክምና የዋለ» ነው፤ የእህት ኩባንያው ትርፍ ግን ተመልሶ እዚያው ቤት ይገባል።

«እንግዲያው መንግሥት ይክፈል» የሚለው ብቻውን መልስ እንደማይሆን በዋናነት ለአረጋውያን የተቋቋመው የመንግሥት መድን ሜዲኬር ራሱ ምስክር ነው። ከፋዩ መንግሥት ነው፤ ዛሬ ግን ከተጠቃሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግል ኩባንያዎች በሚተዳደረው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ውስጥ ናቸው። ኮንግረስን የሚያማክረው ሜድፓክ፣ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የሚያወጣው መንግሥት በቀጥታ በሚከፍልበት በነባሩ ሜዲኬር ቢቆዩ ከሚያወጣው እንደሚበልጥ ደጋግሞ ጽፏል።

በአንጻሩ ኔዘርላንድስን እንይ። ከ2006 ጀምሮ መድኑን የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው። ነገር ግን መሠረታዊው ጥቅል ምን ምን እንደሚይዝ ሕግ ይወስናል፣ ማንም አመልካች አይመለስም፣ ሕመምተኛ የበዛበት ኩባንያ ደግሞ ከማካካሻ ፈንድ ይደጎማል። በስዊዘርላንድ ኩባንያ ከመሠረታዊው መድን ትርፍ ማግኘት አይችልም። አረቦን ሲወደድ እዚያም ሰው ያማርራል። ሆኖም በ2014 «በአንድ የመንግሥት መድን እንተካቸው» የሚል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ወደ 62 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ አልፈልግም ብሏል። ኩባንያዎቹን ወዶ ይሁን ለውጡን ፈርቶ፣ የሚታገሠው በልኩ የታጠረ ገበያ ነው።

በ2025 በጀት ባለመጽደቁ የአሜሪካ መንግሥት 43 ቀን ሲዘጋ ዋናው ጠብ መንግሥት ለመድን ገዢዎች በሚሰጠው የአረቦን ድጎማ ላይ ነበር። ድጎማው ይቀጥል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ያለሱ ብዙ ሰው መድኑን ይጥላል። ነገር ግን ገንዘቡ በቀጥታ የሚገባው ለኩባንያው ነው፤ ከፋይ ደግሞ ውል የማስገባት መብት አለው። ክልከላ ሲኖር ሕመምተኛው እስኪሟገት ሳይጠበቅ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ገለልተኛ ሐኪም ይሂድ። ለእህት ኩባንያ የተከፈለው ለብቻው ይመዝገብ። ኩባንያዎች የከለከሉትን ቆጥረው ይፋ እንዲያደርጉ ደግሞ የ2010ሩ ሕግ ራሱ ያዛል፤ እስካሁን የተፈጸመው በከፊል ብቻ ነው፤ ከዚህ ለመጀመር አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልግም።