ልጄ አልለመደችውም
በኮሮና ጊዜ ስለ ትምህርት ቤቶች መዘጋት የሚያወራው ጽሑፍ ቤት ስለ መዋል «ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ» ይላል፤ ይህ አባባል ግን በእኔ ቤት አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ፤ አንዷ የሰባት ዓመት ልጄ ነበረች። መጀመሪያ ደስ አላት። በሦስተኛው ወር ግን ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች፤ ከተወችው የቆየው አልጋ ማርጠብም ተመለሰባት። እኔም እንቅልፍ አጥቼ በትንሹም በትልቁም እጮህባት ነበር። ጭንቀቴ እንደተጋባባት የገባኝ አሻንጉሊቷን በእኔው አነጋገር ስትቆጣ የሰማሁ ዕለት ነው። በጽሑፉ ሥር፣ ልጆች የተቸገሩት «ወላጆች ሰንፈው ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ድካም እንጂ ስንፍና አልነበረም። እኛን የረዳን የመኝታና የመነሻ ሰዓት መልሰን መያዛችን፣ ከክፍል ጓደኛዋም ጋር በየቀኑ በስልክ ማገናኘታችን ነው።