ናሙና ሳይወሰድ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ?

ታናሽ እህቴ 22 ዓመቷ ነው፣ ሻወር እየወሰደች ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ነገር ነካችና እየተንቀጠቀጠች ጠራችኝ። እኔም በጣቴ ስነካው ሸርተት ይላል፣ እዚህ ያዝኩት ስል እዛ ይሄዳል፣ አያማትም። በነጋታው ሄድን፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ 1.8 ሳንቲሜትር ነው፣ ፋይብሮአዲኖማ ይመስላል ተባለና ወዲያው የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተሰጣት። ናሙናስ ስንል "ከወጣ በኋላ ይመረመራል" አሉን። እማዬ ደግሞ ሰውነቷ ላይ ምን ያደርጋል ቶሎ ይውጣላት ብላ አለቀሰች።

እኔ ግን በዚህ አሰራር አልስማማም። ፋይብሮአዲኖማ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው፣ ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ከሆርሞን ጋር ስለሚያያዝ እርግዝና ላይ ሊያድግ ይችላል፣ ካረጡ በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የሐኪሙ እጅ፣ ምስሉና የመርፌ ናሙናው ሶስቱም አንድ ነገር ከተናገሩ፣ እጢውም ትንሽ ከሆነ፣ በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ እየለኩ መከታተል ይቻላል። ቢላ ጠባሳ ይተዋል፣ ጡት ጫፍ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የወተት ቱቦ ሊነካ ይችላል፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ገና አልወለደችም፣ ወደፊት ወልዳ የምታጠባ ናት።

አይነካ እያልኩ አይደለም! ከ3 ሳንቲሜትር ካለፈ፣ ቶሎ ቶሎ ካደገ፣ ካመማት፣ ናሙናው ከምስሉ ጋር ካልተስማማ ወይ ያልተለመደ ሴል ከታየበት መውጣት አለበት። ፊሎደስ የሚባል እጢ አለ፣ ሲያዩት ቁርጥ ፋይብሮአዲኖማ ነው ግን ቶሎ ያድጋል፣ አንዳንዱም ካንሰር ይሆናል፣ እሱ ከሆነ ደግሞ ዙሪያው ካለው ጤነኛ ስጋ ጋር ተደርጎ ነው የሚወጣው፣ ታዲያ ሰርጅኑ ቀድሞ ካላወቀ በምን ያህል ይቁረጠው? ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሊመጣ ነው። ናሙና መጀመሪያ የምለው ለዚህ ነው።

በእጅ ብቻ ዳብሰው "ምንም አይደለም ሂጂ" የሚሉትም ያናድዱኛል፣ አገራችን ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው፣ የእማዬ ፍርሃት ከመሬት አልመጣም። ናሙናው ደህና ሆኖም እንቅልፍ አጥታ ይውጣልኝ የምትል ሴት ካለች መብቷ ነው፣ ብቻ አውቃ ትወስን።

እኛ ሌላ ቦታ ወስደናት በመርፌ ናሙና ተወሰደላት፣ ውጤቱም ፋይብሮአዲኖማ ነው፣ ቀጠሮዋ ከ6 ወር በኋላ ነው። 1.8 የሚለውን ወረቀት እንዳትጥይ ብያታለሁ፣ ያኔ የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው።