«ተረጋግቷል» ከተባለ በኋላ ያለው ዝምታ

ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደሴ ላይ ለክትትል ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የታወቀ ነው፦ ይረበሻል? ይተኛል? መድኃኒቱን ይወስዳል? አብራው የመጣች እናት «ተመስገን፣ አሁንስ ተረጋግቷል፤ ዝም ብሎ ነው የሚውለው» ትላለች። መድኃኒቱ ይደገምና ቀጠሮ ይሰጣል። «ዝም ብሎ ነው የሚውለው» የሚለው ቃል ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ሲችል ሳይመዘን ያልፋል። ይህ ልማድ መቀየር አለበት። ለመቀየር የሚያስፈልገው ሩብ ሰዓትና የታሰበበት ጥያቄ ነው፤ ማሽን አይጠይቅም።

የአእምሮ ሕክምና ሙያ እንደዚህ ዝምታ ያሉትን «አሉታዊ ምልክቶች» ይላቸዋል። ስያሜው አይመችም፤ ሰሚው የክፉ ጠባይ ስም ይመስለዋል። «የጉድለት ምልክቶች» ቢባሉ ይሻላል። ድምፅ መስማትና ያለ ምክንያት መጠርጠር በሰውየው ላይ የተጨመሩ ናቸው፤ እነዚህኞቹ ከነበረው የጎደሉ። አምስት ናቸው፦ የፊትና የድምፅ ስሜት መደብዘዝ፣ የንግግር ማነስ፣ ተነሳሽነት ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ ደስታ ማጣት። ቤት ውስጥ ግን «ፈዘዘ»፣ «ሰነፈ»፣ ሲብስም «ዓይነ ጥላ ነው» ይባላሉ።

በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣውና በጥናት ላይ እጅግ የተለመደው ፓንስ የተባለው የስኪዞፍሬንያ ምልክቶች መለኪያ 30 የሚመዘኑ ነጥቦች አሉት፤ ለጉድለት ምልክቶች የተመደቡት 7 ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ 1 ማለት «ምልክቱ የለም» ማለት ስለሆነ ፍጹም ጤነኛ ሰውም 7 ያገኛል። ውጤቱ ከ28 ወደ 21 የወረደ ታማሚ 25 በመቶ ተሻለው ቢባል ስህተት ነው፤ ከሁለቱም 7ቱ ተቀንሶ ሲሰላ መሻሻሉ 33 በመቶ ነው። ሁለተኛው፣ ከሰባቱ አንዱ ምሳሌያዊ አነጋገር እያስፈታ ረቂቅ አስተሳሰብን ይፈትናል። ይህ ዛሬ ከማሰብ ችሎታ ጋር እንጂ ከጉድለት ምልክት ጋር አይቆጠርም። ደግሞስ የባዕድ አገር ተረት ቃል በቃል ተተርጉሞ ቢቀርብለት፣ የአምባሰል ገበሬ ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል?

ለክሊኒክ የሚቀለው በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ቢኤንኤስኤስ የተባለው የጉድለት ምልክቶች አጭር መለኪያ ነው። 13 ነጥቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 6፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የሚጠይቀውም ስላለፈው አንድ ሳምንት ነው። ትልቁ ብልጫው የሚያደርገውን ከሚፈልገው መለየቱ ነው። ሰውየው ከቤት አልወጣም ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ቅሬው (የመንደሩ ዕድር) ስሙን ሰርዞት፣ ጎረቤት ፊቱን አዙሮበት ይሆናል። «ሰው ሲቀርብህ ደስ ይልሃል? ሳታገኛቸው ስትቀር ይናፍቁሃል?» ሲባል መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ የጎደለው ፍላጎቱ ሳይሆን በሩ ነው። ሥራም እንደዚያው፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ደጃፍ ቀጣሪ ያጣ ወጣት ሁሉ ተነሳሽነት የጎደለው አይደለም። ፊቱን ሳይነገረው ታጥቦ፣ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ እንደሆነ ይጠየቃል።

ደስታም ሁለት ነገር ነው። በስኪዞፍሬንያ ብዙ ጊዜ በወቅቱ የሚገኘው ደስታ በአንጻሩ ይተርፋል፤ የሚጎዳው ወደፊት የሚመጣውን መጓጓት ነው። ቡናው ፊቱ ሲቀርብ አቦሉን በደስታ የሚጠጣ ሰው፣ «ነገ ቡና አለ» ሲሉት ምንም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ «ደስ ይልሃል?» ተብሎ በደፈናው አይጠየቅም፤ የትናንቱ ቡና እንዴት እንደነበረና የነገውን ምን ያህል እንደሚጠብቀው ለየብቻ ይጠየቃል።

የፊት ገጽታ ሲመዘን የአገር ባህል ይገባበታል። በወሎ ባለ ነጭ ጋዋን ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግና በአጭሩ መመለስ ጨዋነት ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚስቅበትም የሚያዝንበትም ታሪክ እንዲያወራ አድርጎ ፊቱን፣ እጁንና የድምፁን ከፍና ዝቅ መመልከት ይገባል። ከቤተሰቡ ጋር ኮሪደር ላይ ሲያወራ መታየቱም ጥሩ ነው።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው ግን ዝምታው ከየት መጣ የሚለው ነው፤ የሚታከመው ክፍል ብዙ ጊዜ እዚህ ስላለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መድኃኒቱ ነው። ለስኪዞፍሬንያ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና የፍሉፌናዚን መርፌ ሰውነትን ሊያገትሩ ይችላሉ፤ ፊት ጭምብል ይመስላል። መለያው ምርመራ ነው፦ ክርንና አንጓው ሲታጠፍ ይገትራል? ሲራመድ እጁ ይወዛወዛል? ለሐጩ ይወርዳል? ይህ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከተገኘ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ መድኃኒት ይለውጣል፣ ወይም መገተሩን የሚያላላውን ትራይሄክሲፌኒዲል ይጨምራል፤ ይህ የመጨረሻው ግን ማስታወስን ስለሚያዳክም ለዘለቄታው አይሰጥም። ቤተሰብ በራሱ መድኃኒቱን ካቋረጠ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ፍርሃት ነው፤ «ይመርዙኛል» የሚል ሰው ከሰው የሚርቀው ከፍላጎት ማጣት አይደለም። ድባቴም አለ፤ በድባቴ ኀዘን፣ ጸጸትና ተስፋ መቁረጥ ሲኖሩ በጉድለት ምልክት የሚታየው ባዶነት ነው። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ስናስብ፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የስሜት መደንዘዝም መጠየቅ አለበት። ጫት ደግሞ ነገሩን ያምታታል፦ የሚቅም ሰው ጠዋት ፈዞ ከሰዓት ሊያወራ ስለሚችል፣ የመጨረሻ የቃመበት ጊዜ ይመዘገብ፤ ቀጣዩም ምዘና በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። በመጨረሻ፣ ወራት ሙሉ ክፍል ተዘግቶበት ወይም በሰንሰለት ታስሮ የኖረ ሰው የሚያወራውን ቢያጣ አይፈረድበትም።

እነዚህ ሁሉ ተጣርተው የሚቀረው ዋነኛው ጉድለት ነው። እሱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ «ሰነፍ» ብሎ መውቀስም አይፈውስም። የሚረዳው ሥራን ማሳነስ ነው፦ «ሂድና ሥራ» በማለት ፈንታ በሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሰኞ ገበያ፣ ከታወቀ ሰው ጋር፣ የተወሰነ ነገር ገዝቶ መመለስ። ያ ሲለመድ ሁለተኛ ቀን ይጨመራል።

ካርዱ ላይም «ተረጋግቷል» ከሚል ቃል አጠገብ የ13ቱ ነጥብ ድምር ከ78 ስንት እንደሆነ፣ ክርኑ ይገትር አይገትር፣ የተጠየቀበት ሰዓትና መልሱ ከታማሚው ይሁን ከእናቱ ይጻፍ። በሦስት ወሩ ሌላ ነርስ ካርዱን ሲከፍት የሚያወዳድረው ነገር ይኖረዋል።