ካናዳሳን የፊልም ገጣሚ ብቻ አልነበረም

በደቡብ ሕንድ ቋንቋ በታሚል ስለሚጽፈው ገጣሚ ስለ ካናዳሳን የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። ግን የፊልም ዘፈኖቹን ብቻ ይዘህ ነጎድክ። ሰውየው እኮ ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም! እንዲያም ሆኖ በ1980 እ.ኤ.አ. በልቦለዱ የሕንድን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ የሳሂትያ አካዳሚን፣ ወስዷል።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። የፊልም ዜማ ደራሲው ኤም ኤስ ቪሽዋናታን ሃርሞኒየሙ ላይ ዜማውን ይጫወትለታል። እሱ ያዳምጥና ስንኙን በቃሉ ያወርደዋል፣ ረዳቱ ይጽፋል። ዜማ ቀድሞ ግጥም ሲከተል ቃል መጠምዘዝ ያለ ነው። የእሱ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ነው የሚመስለው።

አቋሙስ? በወጣትነቱ «አምላክ የለም» ባይ የፖለቲካ ሰው ነበር። በኋላ ስለ ሂንዱ እምነት ብዙ ቅጽ ያለው መጽሐፍ ጻፈ፤ የኢየሱስንም ሕይወት በግጥም ደረሰ። ተገለባባጭ የሚሉት አይጠፉም። እኔ አልልም፤ ሲለወጥ በአደባባይ ነው የተለወጠው።

የመጨረሻው ተብሎ የሚታወቀው የፊልም ዘፈኑ እሹሩሩ ነው፣ ዜማው የኢላያራጃ። ፊልሙ በ1982 ሲወጣ እሱ የለም። ኦክቶበር 1981 ቺካጎ ላይ አርፏል፣ ገና በ54 ዓመቱ።