ጀነሬተሩ ያለው ቤዝመንት ነው

ባለፈው ሐምሌ አምባሳደር አካባቢ ያለው ቢሯችን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ዝናቡን እያየሁ መብራት ሄደ። ብርቅ አይደለም፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ማንም ቀና ብሎ እንኳን አላየም። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ግን እሱም ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ከዛ ሊፍት ውስጥ ሰው ቀርቷል ተባለ፣ ሮቶው ጠዋት ባዶ ስለነበርና የሚሞላው ደግሞ በፓምፕ ስለሆነ ሽንት ቤት ውሃ የለም፣ ዋይፋይ የለም፣ ምድር ላይ ያለው ባንክ ደግሞ ያቺን የምናውቃትን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ፣ "ሲስተም የለም"። በደረጃ ወርጄ ጥበቃውን "ጋሼ ምን ሆኖ ነው?" ስላቸው "ውሃ ገብቶበት ነዋ ልጄ፣ ያለው እኮ ቤዝመንት ነው" አሉኝ።

ከዛን ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ወረቀት ላይ ህንፃችን መጠባበቂያ አለው፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣም "ጀነሬተር አለ" ብሎ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ግን መብራቱንም ጀነሬተሩንም ያጠፋው ያው አንድ ዝናብ ነው። እና ይሄ መጠባበቂያ ነው?

የኛ ሀገር ጣጣ ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ትንሽ ይታገስ። ጃፓን ፉኩሺማ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ላይ በፈረንጆቹ 2011 የሆነው ይኸው ነው። መሬት መንቀጥቀጡ ከውጭ የሚመጣውን መብራት ቆረጠ፣ የናፍጣ ጀነሬተሮቹ እንደታሰበው ተነሱ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሱናሚው መጣና ቤዝመንት የነበሩትን አሰጠማቸው። 6ኛው ማብለያ ጋ ከፍ ብሎ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጀነሬተር ነበር፣ እሱ ተረፈ፣ እሱ በመትረፉ ደግሞ 5ኛውና 6ኛው ማብለያ ዳኑ። ልዩነቱ የጀነሬተር ብዛት ሳይሆን የት ተቀመጠና በምን ይቀዘቅዛል የሚለው ነበር።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። አምስት ነገር ተያይዞ የሚሰራ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ከ100 ቀን 95ቱን ቢሰራ፣ አምስቱም እኩል የሚሰሩበት ቀን 77 አካባቢ ነው። ለዛ ነው መጠባበቂያ የሚጨመረው፣ ከ100 ቀን 90 የሚሰሩ ሁለት ነገሮች ካሉህ ሁለቱም አንድ ላይ የሚጠፉት ከ100 አንድ ቀን ብቻ ነው። ግን ይሄ የሚሰራው የሚጥላቸው ምክንያት ሲለያይ ነው፣ አንድ ዝናብ ሁለቱንም ከጣለ ማባዛቱ ቀረ፣ ያለህ አንድ ነገር ነው ማለት ነው።

በዚህ ዓይን አዲስ አበባን ስታያት ትንሽ ያስፈራል። በ2008 መስከረም የጀመረው ቀላል ባቡር ካርታው ላይ ሁለት መስመር ነው፣ ከአያት ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎሜትር ያህል ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ላይ ነው። እዛች ጋ አንድ ባቡር ቢቆም ሁለቱም ተያዙ። የአቃቂ የጉድጓድ ውሃም እንደዛው ነው፣ አቃቂ ከመሃል ከተማው ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ውሃው ወደ ላይ የሚገፋው በመብራት ነው፣ ስለዚህ "መብራት ሄደ" እና "ውሃ ሄደ" ሁለት ዜና ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

የከተማውን የኮሪደር ልማት በተመለከተ ብዙ ጭቅጭቅ አለ፣ ሁሉም ውስጥ አልገባም፣ የፈረሱት ቤቶች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ገመዶቹ ከፖል ላይ ወርደው መሬት ውስጥ መግባታቸውን ግን እደግፋለሁ፣ ንፋስና ዛፍ አይነካቸውም፣ ድሮ ክረምት በገባ ቁጥር ፒያሳ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው መቀነሱ አይቀርም። ብልሽት በቁጥር ይቀንሳል ማለት ነው፣ ኢንጅነሮቹ አስተማማኝነት የሚሉት ይሄን ነው። ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፣ ወድቆ ለመነሳት ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለው፣ እሱ ላይ የተቀበረ ገመድ ይከፋል። ፖል ላይ የተበጠሰ ሽቦ ሰፈርተኛው ሁሉ ያየዋል፣ መሬት ውስጥ የተቃጠለውን ግን መጀመሪያ የት ጋ እንደሆነ በመሳሪያ መፈለግ አለብህ፣ ትክክለኛ ካርታ ከሌለህ ደግሞ ያን የመሰለ አዲስ ንጣፍ እየቆፈርክ መፈለግ ነው። የተቀበረው ነገር ካርታ ተሰርቶ ተቀምጧል ወይ፣ መብራት ቴሌና ውሃ አንዱ የሌላውን ያየዋል ወይ፣ እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው።

በመብራት ዘርፍ ዓለም የሚጠቀምባቸው ሳይፊና ሳይዲ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ አንዱ አንድ ደንበኛ በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደጠፋበት፣ ሌላው በድምሩ ስንት ሰዓት እንደጠፋበት ይናገራል። እነዚህ በየሰፈሩ ተለይተው ቢለጠፉ ደስ ይለኛል፣ የከተማ አማካይ ሲሰጥህ ቦሌና ጉለሌ ይደባለቁብሃል። ህንፃ ሲረከብ ደግሞ ጀነሬተር አለ የለም ብሎ ምልክት ማድረግ ሳይሆን፣ በክረምት፣ በስራ ቀን፣ ዋናውን መብራት ሆን ብሎ ማጥፋትና ማታ ድረስ ምን ምን እንደሚቆም ማየት ነው። ባለህንፃዎቹ ይጮሃሉ፣ አውቃለሁ።

የኛው ጀነሬተር ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠግኖ መጣ። እዛው ቤዝመንት፣ ከስሩ አራት ብሎኬት አድርገውለታል።