ማስተካከያ፦ ስለ ሦስት ደቂቃው የምርምር ገለጻ ውድድር

ለጅማ የዶክትሬት ተማሪዎች ባለፈው ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ በሦስት ደቂቃው የምርምር ገለጻ ውድድር ሰዓት ያሳለፈ ተወዳዳሪ ነጥብ ብቻ እንደሚቀነስበትና ቪዲዮ ማሳየት እንደሚቻል መግለጼ ስሕተት ነበር። ውድድሩን በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከሦስት ደቂቃ ያለፈ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ የሚፈቀደውም አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ ብቻ ሲሆን ድምፅም፣ ቪዲዮም፣ በእጅ የሚያዝ ማሳያም ክልክል ነው። ስለዚህ ከጅማው ጎማ ወረዳ ያመጣውን የቡና ፍሬ ይዞ መድረክ ላይ ለመውጣት ያሰበ ተማሪ ፍሬውን በቃል ይግለጸው። (የሰዓቱ ሐሳብ የመነጨው፣ በድርቁ ዘመን የኩዊንስላንድ ነዋሪዎች ውኃ ለመቆጠብ ሻወር ሲወስዱ ይጠቀሙበት ከነበረው የሦስት ደቂቃ ሰዓት ቆጣሪ ነው።) በቀድሞው ጽሑፍ ተመርተው ልምምድ የጀመሩ ገለጻቸውን ከሦስት ደቂቃ በታች እንዲያሳጥሩ፣ ለተፈጠረውም መጉላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ።