የሩሲያውያን ቡጢ ከእግር ይነሳል

ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ ስለ ሩሲያ ማርሻል አርት የፈለገ ሰው ቶሎ የሚያገኘው አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። የወታደር ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ዘና ብሎ ይቆማል። ሌላው እየሮጠ ይመጣበታል። ጎልማሳው እጁን በአየር ላይ ወዝወዝ ያደርጋል። አጥቂው ምንም ሳይነካው ተሽከርክሮ ይወድቃል። ከዚያ የአድናቆት መዓት ይዘንባል፤ የልዩ ኃይሎች ምስጢር ነው፣ የውስጥ ኃይል ነው ይባላል።

እኔን ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ሩሲያውያን፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ የሶቪየት ዘመን አሰልጣኞች፣ ስለ ምት ያወቁት ነገር እውነተኛ ነው። ተለክቷል። ተጽፏል። የሚመታው ሰው መልሶ በሚመታበት ሪንግ ላይ ተፈትኗል። ያንን ሁሉ ልፋት እጅ በማወዛወዝ መተካት እውቀቱንም ተማሪውንም መበደል ነው።

ከልኬቱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1985 ፊሊሞኖቭና ባልደረቦቹ የሚባሉ የሶቪየት ተመራማሪዎች የ120 ቦክሰኞችን ቡጢ መርምረው ውጤቱን አሳትመው ነበር። የቡጢው ኃይል ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚመጣ ለማወቅ ፈልገው ነው። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱት ቦክሰኞች ላይ ከኃይሉ 38 በመቶ ገደማ የመጣው እግር መሬትን ሲገፋ ነው። 37 በመቶ ገደማው ከወገብና ከደረት መዞር ነው። ክንድ ያዋጣው 24 በመቶ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ዘንድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእግር ድርሻ ከ17 በመቶ በታች ይወርዳል፣ የክንድ ወደ 38 ይወጣል።

እስቲ ይህን ቁጥር ቆም ብለን እንየው። በጎበዙና በጀማሪው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እግር ላይ ነው። ጀማሪው ክንዱን ይበልጥ ይወጥራል፣ ይበልጥ ይደክማል፣ ግን የሚገባውን ያህል አይመታም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የኋላ እግር ጣት መሬቱን ይገፋል፣ ተረከዙ ይነሳል። ጉልበት ይዞራል፣ ዳሌ ይከተላል። የፊት እግር ደግሞ ጠንክሮ ይቆምና ዳሌውን ያስቆመዋል። ይህ ማስቆም ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ ክንዱን ሲያስቆም ፍጥነቱ ወደ ጫፉ እንደሚሮጠው፣ ዳሌ ሲቆም ደረት ይፈጥናል፣ ደረት ሲቆም ክንድ ይወረወራል። እያንዳንዱ ክፍል ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ከተራው ከቀደመ ወይም ከዘገየ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሩሲያውያን አጥብቀው የያዙት ሁለተኛ ነገር ይመጣል፤ ጡንቻን መፍታት። ክንድን የሚዘረጋው ከኋላ በኩል ያለው ጡንቻ ነው፣ የሚያጥፈው ከፊት ያለው። ሁለቱም አንድ ላይ ከተወጠሩ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ተናዶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ የሚመታ ሰው ፍሬን ይዞ እየነዳ ነው። ፍጥነት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ ፍጥነቱን እጥፍ ካደረገ የእንቅስቃሴ ኃይሉ (ኪነቲክ ኢነርጂው) አራት እጥፍ ይሆናል።

ግን የላላ ክንድ ብቻውን ጥፊ ነው። ሲያርፍ መጠንከር አለበት። ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ምትንና ትግልን የሚያጣምረው የኤምኤምኤ ስፖርት የታወቁ ተፋላሚዎች ሲመቱ ጡንቻቸው ሁለት ጊዜ ይወጠራል። አንዴ ሲነሱ፣ አንዴ ሲያሳርፉ። በመሃል ይላላል። የመጨረሻው ውጥረት ሰውነቱን ከእጁ ጋር ያገናኘዋል። ተመቺው እጅ ብቻ ሳይሆን ሰው የወደቀበት ያህል የሚሰማው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ማየት ለሚፈልግ የኤምኤምኤ ተፋላሚው ፊዮዶር ኢሜሊያኔንኮ አለ። የተወለደው ዩክሬን ውስጥ ነው፣ ያደገው ሩሲያ፣ ስታሪ ኦስኮል ከተማ። ቁመቱ 1.83 ሜትር ገደማ ነው። ለከባድ ሚዛን ትንሽ የሚባል ሰው። ሆዱ ለስለስ ያለ፣ ጡንቻው የማይታይ፣ ፊቱ ምንም የማያሳይ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 ቁመቱ 2.03 ሜትር የሆነውን ቲም ሲልቪያን በ36 ሰከንድ ጨረሰው።

ፊዮዶር ዝነኛ ያደረገው ቡጢ ብዙዎች ካስቲንግ የሚሉት ነው። ከእሱ በፊት 1.73 ሜትር ብቻ የሚረዝመው ዩክሬናዊው ኢጎር ቮቭቻንቺን በዚሁ ቡጢ ከእሱ እጅግ የሚከብዱ ሰዎችን ይጥል ነበር። ቡጢው ቀጥ ብሎ አይመጣም፣ ከጎን ተጠማዞም አይመጣም። ትከሻ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ክርን ወደ ላይ ይወጣል፣ አውራ ጣት ወደ መሬት ያያል። ክንዱ ዘርጋ እንዳለ ከላይ ይወርዳል። ለዓይን የዱርዬ ጠብ ይመስላል። ግን አይደለም። ትከሻው ሲነሳ አገጩን ይሸፍናል። ቡጢው ከተጋጣሚው መከላከያ እጅ በላይ ያልፋል። ዋናው ደግሞ ይህ ነው፤ ቢስት እንኳ እጁ ተጋጣሚው አንገት ላይ ያርፋል። አንገት ከተያዘ ጥሎ መጣል ይከተላል። ሳምቦ የሚባለውን የሶቪየት ትግል የሚያውቅ ሰው ያለ ቦክስ ትምህርት ቤት ፈቃድ እንዲህ የሚመታው ለዚህ ነው። ምቱና መጣሉ አንድ እንቅስቃሴ ናቸው።

ኃይል ጊዜን ከማወቅ ጋር እንዴት እንደሚጣመር የሚያሳየው ደግሞ ጥር 2009 አናሃይም ላይ ያደረገው ፍልሚያ ነው። ተጋጣሚው ቤላሩሳዊው አንድሬ አርሎቭስኪም በሳምቦ ያደገ ነበር፣ ያን ዕለት በቦክሱ እየመራም ነበር። ፊዮዶር ወደ ገመዱ ተገፋ። አርሎቭስኪ በጉልበቱ ሊመታው ዘሎ ተነሳ። እግሩ ከመሬት እንደተለየ የፊዮዶር ቀኝ እጅ አገጩ ላይ አረፈ። በአየር ላይ ያለ ሰው መመለስ አይችልም፣ አቅጣጫ መቀየር አይችልም። የራሱ ፍጥነት በቡጢው ፍጥነት ላይ ተደመረ። በፊቱ ተደፋ። ያን ቡጢ ያከበደው ግማሹ ነገር የአርሎቭስኪ የራሱ ዝላይ ነው።

መሬት ላይስ? እግር መግፋት በማይችልበት ቦታ ኃይል ከየት ይገኛል? መጋቢት 2003 ዮኮሃማ ላይ ፊዮዶር የጃፓኑን የፍልሚያ ውድድር የፕራይድን የከባድ ሚዛን ቀበቶ ከአንቶኒዮ ሮድሪጎ ኖጌራ የወሰደበትን ፍልሚያ ማየት ነው። ኖጌራ በጀርባው ተኝቶ ሰውን በእግሮቹ መሃል ይዞ ማነቅና ክንድ መስበር የሚችል የጁጂትሱ ሊቅ ነበር። ሌሎች ያንን ቦታ ይፈሩት ነበር። ፊዮዶር ግን እዚያው ገብቶ መታው። ደረቱን ቀና ያደርጋል፣ ጣቶቹን ምንጣፉ ላይ ይተክላል፣ ከዚያ የላይኛው አካሉን በሙሉ ከክንዱ ጋር ይለቀዋል። የእግር ግፊት በጎደለበት ቦታ የሰውነት ክብደት ተተክቶ ገባ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ፍልሚያ ከማንኛውም ኖክአውቱ የበለጠ ትምህርት አለው።

ካስቲንግ ግን ለሁሉም የሚሆን ቡጢ አይደለም፣ አሰልጣኞችም ለጀማሪ ባይሰጡት ይሻላል። ክንዱ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ የሚጠብቅ ሰው ያየዋል። በመጥፎ ማዕዘን ካረፈ የእጅ አጥንት ይጎዳል፤ ፊዮዶር ራሱ በእጅ ጉዳት ብዙ ተቸግሯል። ሰኔ 2017 ኒውዮርክ ውስጥ እሱና ማት ሚትሪዮን በአንድ ቅጽበት ተማትተው ሁለቱም ወደቁ። ቀድሞ የተነሳው ሚትሪዮን ነበር፣ አሸናፊውም እሱ ሆነ።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። እጅ የሚያወዛውዙት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ስም ሲስተማ ነው፤ የሩሲያ የፍልሚያ ትምህርት ነው። በሲስተማ ላይ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። በዚህ ስም ከሚጠሩት መምህራን አንዱ የነበረው አሌክሴይ ካዶችኒኮቭ ክራስኖዳር ውስጥ በሚገኝ የሚሳኤል ጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት፣ በመካኒክስ ክፍል የሠራ ሰው ነበር። ስለ ዘዴ፣ ስለ ሚዛን ነጥብ፣ ስለ ሰውነት እንደ ማሽን ያስተምር ነበር። የሚካኢል ሪያብኮ መስመር ደግሞ ትንፋሽንና ጡንቻ መፍታትን ያስቀድማል። ተማሪው ቭላዲሚር ቫሲሊየቭ እ.ኤ.አ. በ1993 ቶሮንቶ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ ለምዕራባውያን አስተዋወቀው። እጅን ወደ ኋላ ሳይስቡ ከቅርብ መምታት፣ የላላና የከበደ ክንድ፣ ሲመቱ ትንፋሽ ማውጣት፣ ምት ሲቀበሉም ትንፋሽ ማውጣት። ይህ ሁሉ ጥሩ ትምህርት ነው። በዚህ መንገድ ደረት ላይ የሚያርፍ አጭር ምት በእርግጥ ይከብዳል።

ችግሩ ፈተናው ነው። በአብዛኞቹ ቪዲዮዎች ተመቺው ቆሞ ይጠብቃል። መልሶ አይመታም። መምህሩን ያከብራል፣ መውደቅ እንዳለበትም ያውቃል። እንዲህ የሰለጠነ ሰው ዘና ማለትን የተማረው በሰላም ጊዜ ነው። የሚፈራው ቡጢ ፊቱ ላይ ሲመጣ ትከሻው መላላቱን ወይም መሰቀሉን ገና አያውቅም።

ሳምቦ የሄደበት መንገድ የተለየ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ ቶኪዮ በሚገኘው ኮዶካን ጁዶ ተምሮ ጥቁር ቀበቶ ያገኘ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የጃፓን ሰላይ ተብሎ ታስሮ እስር ቤት ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ትግሉ በሶቪየት ኅብረት በይፋ ስፖርት ሆነ፤ የእሱ ስም ግን ለብዙ ዘመን ሳይነሳ ቆየ። ይህን ግፍ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። ሳምቦ ጥሩ የሆነውን ከየትም ወስዶ፣ የሚቃወም ሰው ላይ ሞክሮ፣ የማይሠራውን ጣለ። ምትን የሚፈቅደው ኮምባት ሳምቦም ራስ መከላከያና ጓንት አድርጎ በሙሉ ኃይል ይጋጠማል።

ይህ መንገድ አንድ ዓይነት ተፋላሚ ብቻ አያወጣም። አርቱር ቤተርቢየቭና ዲሚትሪ ቢቮል ለሩሲያ አማተር ቡድን የተጫወቱ ቦክሰኞች ናቸው። ቤተርቢየቭ ከቢቮል ጋር እስኪገናኝ ድረስ 20 ተጋጥሞ 20ውንም በኖክአውት ጨርሷል። ቡጢው አጭር ነው፣ እግሩ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው፣ ወደ ፊት ይሄዳል። ቢቮል ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ በሚረግጠው የሶቪየት እርምጃ ይገባል፣ ይመታል፣ ይወጣል። ጥቅምት 2024 ሪያድ ላይ ቤተርቢየቭ አሸነፈ፤ የካቲት 2025 እዚያው ቢቮል መለሰ። ሁለቱም ፍልሚያዎች 12 ዙር ሄደው በዳኞች ነጥብ አለቁ። ሁለቱን ሰዎች ከወገብ በታች ብቻ ማየት የሚችል ተማሪ ብዙ ይማራል።

ጂም ውስጥ ልጆች የሚያሰለጥን ሰው ቡጢ ከእግር እንደሚነሳ ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ልጁን ወንበር ላይ ያስቀምጠውና እግሩን ከመሬት አንስቶ ፓድ ያስመታው። ቀጥሎ እዚያው እንደተቀመጠ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይምታ። በመጨረሻ ያስነሳውና ያንኑ ቡጢ ቆሞ ይሞክረው። ፓዱን የያዘው ሌላ ልጅ ይሁን፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ።